ማፈግፈግ ድል ይሆናልን?

በጦርነት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት ነውን ወይስ ከድል መንገዶች አንዱ ሊሆን ይችላል? ይህ ጥያቄ ለጦር አዛዦች ብቻ የተተወ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይመጣል። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው በንስሓ አባቱ ፊት ቀርቦ ስለ ገደለው ጠላት ከሚናገረው ይልቅ፣ ጦሩ በትእዛዝ ባፈገፈገበት ሌሊት ትቶት ስለ መጣው ቁስለኛ ጓደኛው አብዝቶ ሲያለቅስ የሰሙ ካህናት ጥቂቶች አይደሉም። እንዲህ ላለው ሰው «ሸሽተሃልና ንስሓ ግባ» ማለት ይገባልን? ወይስ «የታዘዝኸውን ፈጽመሃል፤ በደል የለብህም» ብሎ ማሰናበት ይበቃልን? ሁለቱም መልስ ሳይመረመር ሲሰጥ ነፍስን ይጐዳል። ስለዚህ ነገሩን አስቀድመን በቅዱሳት መጻሕፍት፣ ቀጥለንም በዚህ ነገር ታላቅ ምስክር በሆነው በሩሲያ ጦርነት እንመለከተዋለን።

በቋንቋችን «መሸሽ» እና «ማፈግፈግ» ሁለት ቃላት ናቸው። የሚሸሽ ሰው የሚያስበው ስለ ነፍሱ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚደርስ አያውቅም፤ ጋሻውንም ጓደኛውንም ይጥላል። የሚያፈገፍግ ሰው ግን ቦታውን ይለቃል እንጂ ሐሳቡን አይለቅም፤ የሚደርስበትን ያውቃል፤ ደርሶም የሚሠራው ሥራ አለው። ይሁን እንጂ ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ የሁለቱም ጀርባ ነው የሚታየውና። አባቶቻችን «ፈሪ ለእናቱ» ብለው የተረቱት ፈሪውን ለመንቀፍ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በዚያው ተረት ለእናቱ የተረፈ ሰው መኖሩን አልካዱም።

በመጽሐፈ ኢያሱ በአንዲት ከተማ በር ፊት ሁለቱም ዓይነት ተጽፎ እናገኛለን። ከተማይቱ ጋይ ናት። በመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ሺህ ያህል ሰዎች ወጥተው ከጋይ ሰዎች ፊት ሸሹ፤ 36 ሰዎችም ሞቱባቸው፤ ሕዝቡም ሁሉ ተስፋ ቈረጠ። በሁለተኛው ጊዜ ኢያሱ ከከተማይቱ በስተ ኋላ ደፈጣ አስቀምጦ እርሱ ራሱ ከዋናው ጦር ጋር በፊት ለፊት ቀረበ፤ ውጊያውም ሲጀመር እንደ ፊተኛው ጊዜ የተሸነፉ መስለው ወደ ምድረ በዳ ተመለሱ። የጋይ ሰዎች በሩን ክፍት ትተው ተከተሏቸው፤ ከተማይቱም ከበስተ ኋላቸው በእሳት ተያዘች። መንገዱ ያው ነው፣ ጀርባውም ያው ነው፤ እንዲያውም የኋለኛው እንዲታመን ያደረገው የፊተኛው ሽሽት ነው። ነገር ግን ይህ የአንድ ቀን የጦር ዘዴ ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም። የሚከብደው ከተማን፣ ዙፋንንና ቤትን በእውነት ለቅቆ መውጣት ነው። ይህም የደረሰው በንጉሡ በዳዊት ላይ ነው።

አቤሴሎም በኬብሮን እንደ ነገሠ፣ የእስራኤልም ልብ ከእርሱ ጋር እንደ ሆነ ለዳዊት በተነገረው ጊዜ ዳዊት በኢየሩሳሌም ነበረ። ከተማይቱ ቅጥር ነበራት፤ እርሱም ራሱ ቀድሞ ከኢያቡሳውያን ሲወስዳት ምን ያህል የጸናች እንደ ነበረች ያውቃል። ጎልያድን የገደለ ሰው በቅጥር ውስጥ ሆኖ መዋጋትን ፈራ ብሎ የሚናገር አይገኝም። እርሱ ግን ወዲያውኑ ተነሥቶ እንዲወጡ አዘዘ፤ ምክንያቱንም መጽሐፍ አልሰወረውም፤ አቤሴሎም ደርሶ ከተማይቱን በሰይፍ እንዳይመታት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ዳዊት የወጣው ሕዝቡንና ከተማይቱን ለማዳን እንጂ ራሱን ብቻ ለማዳን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር በመውጫው ሰዓት ያደረገው ነው። ይህን ክፍል በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው በእንባና በችኮላ መካከል የተሠራ ታላቅ የጦር ዝግጅት ይታየዋል። ንጉሡ ከከተማይቱ ዳርቻ ቆሞ ሠራዊቱ በፊቱ እንዲያልፍ አደረገ፤ ከጌት የመጡትን 600 ሰዎችና አለቃቸውን ኢታይን ተመለከተ፤ ኢታይ እንግዳ ስለ ሆነ እንዲመለስ ለመነው፤ እርሱም እንቢ ብሎ በሞትም በሕይወትም እንደማይለየው በመሐላ ተናገረ። ካህናቱን ሳዶቅንና አብያታርን ወደ ከተማይቱ መለሳቸው፤ ልጆቻቸው አኪማአስና ዮናታንም ወሬ አመላላሽ ይሆኑለት ዘንድ ተስማማ። በደብረ ዘይትም ራስ ላይ ኩሲ አርካዊ ልብሱን ቀድዶ በአገኘው ጊዜ ከእርሱ ጋር እንዳይሄድ፣ ይልቁንም ተመልሶ የአቤሴሎም አማካሪ መስሎ የአኪጦፌልን ምክር እንዲያፈርስ ላከው። ባዶ እግሩን እያለቀሰ ዳገት የሚወጣ ንጉሥ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አከናወነ። ከተማይቱን ለቀቀ፤ ነገር ግን ዐይኑንና ጆሮውን በውስጧ ትቶ ሄደ።

ካህናቱ ታቦተ እግዚአብሔርን ተሸክመው ከእርሱ ጋር ወጥተው ነበር፤ ዳዊት ግን እንዲመልሱት አዘዘ። ስለ ምን ቢሉ፦ በዔሊ ዘመን ሕዝቡ ታቦቱን ወደ ጦር ሜዳ ማምጣታቸው ብቻ ድል የሚያሰጣቸው መስሏቸው ነበርና፤ በዚያም ቀን 30,000 ሰዎች ወደቁ፤ ታቦቱም ተማረከ። ዳዊት ይህን ስሕተት አልደገመም። አንድም፦ ታቦቱ የእግዚአብሔር ማደሪያ እንጂ የንጉሥ ንብረት አይደለምና፤ ንጉሥ ቢሰደድ ታቦት ከሕዝቡ ጋር ይኖራል። አንድም፦ ይህ መከራ በኦርዮ ምክንያት በነቢዩ ናታን አፍ የተነገረበት ቅጣት መሆኑን ያውቃልና፣ እግዚአብሔር ቢወድደው እንደሚመልሰው፣ ባይወድደው የወደደውን እንዲያደርግበት ራሱን ለፈቃዱ ሰጠ። በአገራችን ታቦት ከዘመቻ ጋር መውጣቱ የታወቀ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ይህን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ዳዊት የፈራው የታቦቱን መውጣት ሳይሆን ታቦቱን ለራሱ ዋስትና ማድረግን ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ በጊዜ ላይ ተንጠለጠለ። አኪጦፌል ከሓዲ ቢሆንም በጦር ምክር የሚወዳደረው አልነበረም። በዚያች ሌሊት 12,000 ሰዎች መርጦ፣ ዳዊት ደክሞና እጁ ዝሎ ሳለ ተከትሎ ንጉሡን ብቻ ለመግደል ለአቤሴሎም መከረ። ምክሩ ልክ ነበረ። የሚያፈገፍግ ጦር ከሁሉ የሚብስበት ጊዜ የመጀመሪያው ሌሊት ነው፤ ሴቶችና ሕፃናት አብረውት አሉ፤ ወንዝ በፊቱ ነው፤ ሰልፉም ገና አልተደራጀም። ኩሲ ግን ከዳን እስከ ቤርሳቤህ ሕዝብ ሁሉ እስኪሰበሰብ እንዲቈይ፣ አቤሴሎምም ራሱ በመካከላቸው እንዲዘምት ነገረው። ይህ ምክር ክብርን ለሚወድ ወጣት ጣፈጠው። ያን ጊዜ ወሬው በካህናቱ ልጆች በኩል ደረሰ፤ ልጆቹም በብራቂም በጕድጓድ ውስጥ ተሸሽገው ከተከታዮቻቸው አመለጡ፤ ዳዊትም ከነሕዝቡ በሌሊት ዮርዳኖስን ተሻገረ፤ ሲነጋ ያልተሻገረ አንድ ሰው አልቀረም። አኪጦፌል ምክሩ እንደ ተጣለ ባየ ጊዜ ቤቱን አደራጅቶ ታንቆ ሞተ። የታነቀው ስለ ተናቀ ብቻ አይመስለንም፤ ያች ሌሊት ካለፈች ጦርነቱ እንዳለቀ ገብቶታል።

በመሃናይም ደግሞ ሦስት ሰዎች፣ ሦቢና ማኪር ገለዓዳዊውም ቤርዜሊ፣ ምንጣፍና ዕቃ፣ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ፣ በግና አይብ አመጡ። አንባቢ ይህን ዝርዝር እንደ ተራ ነገር እንዳያልፈው እንለምናለን። ወደ ኋላ የሚመለስ ሠራዊት የሚበላው ካላገኘ በሁለተኛው ሳምንት ወንበዴ ይሆናል። ዳዊት በእነዚህ ሰዎች እህል ሠራዊቱን ቈጥሮ፣ በኢዮአብ፣ በአቢሳና በኢታይ እጅ ሦስት ላይ ከፍሎ በኤፍሬም ዱር ድል አደረገ፤ በዚያም ቀን ሰይፍ ከገደለው ይልቅ ዱሩ ያጠፋው እንደ በለጠ ተጽፏል።

ዳዊት በብራቂም ሲያልፍ ሳሚ የሚባል ሰው ድንጋይ እየወረወረ ረገመው። ወደ ኋላ የሚመለስ መሪ ከጠላቱ ጦር በፊት የወገኑን ምላስ መታገሥ አለበት፤ ዳዊትም ሳሚን ሊገድለው የተነሣውን አቢሳን ከለከለ። የሩሲያን ታሪክ ያነሣነው ይህ ሁሉ፣ ስድቡም ስንቁም ጊዜውም፣ በእርሱ ደግሞ በግልጥ ስለሚታይ ነው። ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በ1812 ዓመት ጁን 24 ቀን የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ከ400,000 በሚበልጥ ሠራዊት የኔማንን ወንዝ ተሻግሮ ሩሲያን ወረረ። የሩሲያ ሠራዊት ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ደግሞም የተከፋፈለ ነበር። የፊተኛው ጦር አዛዥና የጦር ሚኒስትሩ ባርክላይ ደ ቶሊ አንድ ጊዜ ተሰልፎ መጥፋትን አልፈለገም፤ እየተዋጋ ወደ ኋላ ተመለሰ። በኦገስት ወር ስሞሌንስክ ነድዳ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ የሕዝቡና የመኳንንቱ ቍጣ ገነፈለ። ባርክላይ ከስኮትላንድ የመነጨ ቤተ ሰብ ያለው፣ በባልቲክ አገር ያደገ ሰው በመሆኑ ባዕድ ነው፣ ከሓዲም ነው ብለው ሰደቡት። የሳሚ ድንጋይ ማለት ይህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር ቀዳማዊ የሕዝቡን ድምፅ ሰምቶ ሽማግሌውን ኩቱዞፍን የበላይ አዛዥ አድርጎ ሾመ። ሁሉም «እንግዲህ ሽሽት ቀረ» አለ። ኩቱዞፍ ግን ደርሶ ሠራዊቱን ካየ በኋላ ያደረገው ባርክላይ ሲያደርግ የነበረውን ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብቻ በሞስኮ አቅራቢያ በቦሮዲኖ ሴፕቴምበር 7 ቀን ተሰለፈ። በዋዜማው የስሞሌንስክ እመቤታችን የምትባለው፣ ከተቃጠለችው ከተማ ከሠራዊቱ ጋር የወጣችው ሥዕለ ማርያም በሰልፉ መካከል ዞረች፤ ወታደሮቹም ተንበርክከው ተሳለሙ። በማግሥቱ ከሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ከ70,000 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ ወይም ቈሰሉ። ማንም ማንን ፈጽሞ አላሸነፈም።

ሴፕቴምበር 13 ቀን በፊሊ መንደር በአንድ ገበሬ ቤት ጄኔራሎቹ ተሰበሰቡ። በዚያ የቀረበው ጥያቄ ከዳዊት ጥያቄ አይለይም፤ በሞስኮ በር ተሰልፎ ሠራዊቱን ማጥፋት ይሻላልን ወይስ ሞስኮን ለቅቆ ሠራዊቱን ማትረፍ? ሞስኮ የአባቶች ከተማ፣ የነገሥታት መቀቢያ፣ የአብያተ ክርስቲያናት መናኸሪያ ናት። ቤኒግሰንና ሌሎች እንዋጋ አሉ፤ የተሰደበው ባርክላይ እንልቀቅ አለ። ኩቱዞፍ ሠራዊቱ ካለ አገሩ አለ፣ ሠራዊቱ ከጠፋ ግን ሞስኮም አገሩም አብረው ይጠፋሉ በሚለው አሳብ ወስኖ የመልቀቁን ትእዛዝ በራሱ ኃላፊነት ሰጠ። በማግሥቱ ናፖሊዮን ገባ፤ የሚቀበለውም መኳንንት አላገኘም። እሳትም ተነሥቶ የከተማይቱን የሚበዛ ክፍል በላ።

ናፖሊዮን በሞስኮ 35 ቀን ተቀመጠ። ዕርቅ የሚለምን መልእክተኛ ይመጣልኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። አቤሴሎም ሕዝብ እስኪሰበሰብ እንደ ቈየ እርሱም ቈየ። ኩቱዞፍ ግን በዚያን ጊዜ በሪያዛን መንገድ የሚሄድ መስሎ ኮሳኮቹን ለማታለያ በዚያ ትቶ፣ ዋናውን ጦር ወደ ምዕራብ አዙሮ በታሩቲኖ ሰፈረ። ይህ ስፍራ እህልና መሣሪያ ወደሚገኝበት ወደ ደቡቡ አገር የሚወስደውን የካሉጋን መንገድ ይዘጋል። በታሩቲኖ አዲስ ወታደር መጣለት፤ ፈረሱም ሰውም በላ። የቤርዜሊ ማር፣ ቅቤና ምስር ለእርሱ በዚያ ደረሰለት።

ኦክቶበር 19 ቀን ናፖሊዮን 100,000 ያህል ሰው ይዞ ከሞስኮ ወጣ። አሁን እርሱ በተራው ወደ ኋላ ተመላሽ ሆነ። ይህ ዓመት ለተማሪ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ መንገድ፣ ሁለት ወደ ኋላ መመለስ ታየ፤ አንዱ ድል ሆነ፣ ሁለተኛው ጥፋት። ልዩነቱ ምንድር ነው? ሩሲያውያን የተመለሱት ወደ ገዛ እህላቸውና ወደ ገዛ ሕዝባቸው ነው፤ በየቀኑ ወደ ኃይላቸው ይቀርቡ ነበር። ፈረንሳዮች ግን ኦክቶበር 24 ቀን በማሎያሮስላቬትስ ከተደረገው ውጊያ በኋላ በመጡበት በስሞሌንስክ መንገድ ለመመለስ ተገደዱ፤ ያንን መንገድ ደግሞ ሲመጡ ራሳቸው ዘርፈውት ነበር። ሠረገሎቻቸው ስንቅ ሳይሆን የሞስኮን ምርኮ ተሸክመው ነበር። ፈረሶቻቸው ለበረዶ የሚሆን ጫማ አልነበራቸውም። ብዙ ሰዎች ናፖሊዮንን ያሸነፈው ብርድ ብቻ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን በረዶ ሳይወርድ፣ ገና በበጋው ሙቀት፣ ረኃብና በሽታ ከሠራዊቱ ብዙ ሰው ቀንሰውበት ነበር። እንደ ኤፍሬም ዱር ሁሉ፣ ከሰይፍ ይልቅ ምድሪቱ አጠፋች። በኖቬምበር መጨረሻ የቤሬዚናን ወንዝ ሲሻገሩ የደረሰባቸው እልቂት እስከ ዛሬ በተረት ይነገራል። ዲሴምበር 5 ቀን ናፖሊዮን የቀረውን ሠራዊቱን ትቶ ወደ ፓሪስ ገሠገሠ። ከማፈግፈግ ወደ መሸሽ የሚያሻግረው ደረጃ ይህ ነው፤ መሪው ከተከታዮቹ ሲለይ።

በዚያ ዓመት በልደት በዓል አሌክሳንደር በሞስኮ በመድኅን ክርስቶስ ስም ካቴድራል እንዲሠራ አወጀ፤ በ1883 ተባረከ፣ በ1931 ፈረሰ፣ ዳግመኛ ተሠርቶ በ2000 ተባረከ። ባርክላይም ስድቡ ተነሥቶለት ሐውልቱ በፔትሮግራድ፣ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በሚባለው ከተማ፣ ኩቱዞፍ በተቀበረበት በካዛን ካቴድራል ፊት ከኩቱዞፍ ሐውልት ጋር ቆሟል።

እንግዲህ ማፈግፈግ ድል ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። «ይህስ እምነት ማጣት አይደለምን?» የሚል ቢኖር፣ ጌታችን በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ መሰደዱን፣ ሐዋርያቱንም በአንዲት ከተማ ሲያሳድዱአቸው ወደ ሌላይቱ እንዲሄዱ ማዘዙን ያስብ። ቅዱስ አትናቴዎስም መናፍቃን «ሸሸህ» ብለው በነቀፉት ጊዜ ስለ መሰደዱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፎ መልሶላቸዋል።

ነገር ግን ከዚህ ላይ ብናቆም ያንን የሚያለቅሰውን ወታደር በግማሽ መልስ እንሸኘዋለን። ማፈግፈግ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈገፍጉት ሳይሆኑ የሚቀሩት ናቸው። ሩሲያውያን ሞስኮን ሲለቁ ብዙ ሺህ ቁስለኞቻቸውን ማጓጓዣ አጥተው በከተማይቱ ተዉአቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእሳቱ አለቁ። ኩቱዞፍ ትክክለኛ ውሳኔ መወሰኑን እናምናለን፤ ትክክለኛ መሆኑ ግን እነዚያን ሰዎች ከእሳት አላወጣቸውም። ለወታደሩም የሚነገረው ይህ ይመስለናል፤ ትእዛዙ ከሽሽት ነቀፋ ነጻ ያወጣዋል፤ ለተወው ጓደኛው ግን ማልቀሱ የጤና ነው፤ ካህኑ እንባውን አይከልክለው። የጓደኛውን ስም በጸሎተ ፍትሐት ያስጠራ፤ ቤተ ሰቡን ይጠይቅ፤ ልጅ ትቶ እንደ ሆነ ይርዳ። ማንንም ሳይበድል ዕዳ ያለበት ሰው አለና።

በአገራችንም ይህ ክርክር ደርሷል። በመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ጄኔቭ ሄዱ። ይገባል አይገባም ተብሎ ያን ጊዜም ከዚያም በኋላ ብዙ ተነግሯል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ሲመለሱ ያ መውጣት ማፈግፈግ ተብሎ ሊጠራ የቻለው፣ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል የቈዩ አርበኞች ስለ ነበሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝቡን አልለይም ብለው በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም ከቀሩት ወገን ናቸው። የሄደው በቀረው ባይታገዝ ኖሮ ስሙ ሌላ በሆነ ነበር።

ዳዊትም ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ሳሚ በዮርዳኖስ ዳር ወድቆ ምሕረት ለመነ፤ ተማረም። የሰማንያ ዓመቱ ቤርዜሊ ወደ ቤተ መንግሥት እንዲመጣ ተጋብዞ፣ ጣዕም መለየትና የዘፋኝ ድምፅ መስማት እንደማይችል ተናግሮ በአገሩ መሞትን መረጠ። ነገር ግን ዳዊት በወጣበት ቀን ቤቱን እንዲጠብቁ የተዋቸው ዐሥር ቁባቶች ነበሩ። አቤሴሎም በአኪጦፌል ምክር በሕዝብ ፊት ያዋረዳቸው እነርሱን ነው። ንጉሡ ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ በአንድ ቤት አኖራቸው፤ ቀለባቸውን ሰጣቸው፤ ወደ እነርሱ ግን አልገባም፤ እስከ ሞቱበትም ቀን ባሎቻቸው እንደ ሞቱባቸው ሴቶች ተዘግተው ኖሩ። የኢታይ ስም፣ የኩሲ ስም፣ የቤርዜሊ ስም ተጽፏል፤ የእነዚህ የዐሥሩ ስም ግን አልተጻፈም።